አነስተኛ ንግድን በማኅበራዊ ሚዲያ ማሳደግ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሥራቸውን ራሳቸው የሚያንቀሳቅሱ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ በአብዛኛው ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል። ከታች የሚጠቀሱት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሥራዬ ትንሽ ናት። ማኅበራዊ ሚዲያ በእርግጥ ያስፈልገኛል?

ደንበኛ በሰው በሰው እየመጣልዎት ከአቅምዎ በላይ ሥራ ካለዎት አይቸኩሉ። ይሁን እንጂ ከሰው ሰምቶ የሚመጣውም ቢሆን ከመደወሉ በፊት ስምዎን ስልኩ ላይ ጽፎ ይፈልጋል። ምንም ካላገኘ፣ ወይም ከሁለት ዓመት ወዲህ ያልተነካ ገጽ ካገኘ፣ «ሥራ ሳያቆሙ አልቀሩም» ብሎ ወደ ሌላ ይሄዳል። ስለዚህ ቢያንስ የሚሠሩትን፣ አድራሻዎን፣ የሥራ ሰዓትዎንና ስልክዎን በትክክል የሚያሳይ አንድ ገጽ ይኑርዎት። ከዚያ በላይ ያለው እንደ ጊዜዎና እንደ ፍላጎትዎ ነው።

ከፌስቡክ፣ ከኢንስታግራም፣ ከቲክቶክና ከቴሌግራም የትኛውን ልምረጥ?

ሁለት ብቻ ይምረጡ። አንዱ የማያውቁዎት ሰዎች የሚያገኙዎት፣ ሌላው ያገኙዎት ሰዎች የሚቆዩበት ይሁን። ብዙ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት አምስት ቦታ ገጽ ይከፍትና በሁለተኛው ወር አምስቱም ጭር ብለው ይቀራሉ።

አዲስ ሰው በማምጣት ቲክቶክ ይቀድማል። ቪዲዮውን ለተከታይዎ ብቻ ሳይሆን ሊወደው ይችላል ብሎ ለገመተው ሰው ሁሉ ስለሚያሳይ፣ ገና ትናንት የተከፈተ አካውንት እንኳ ብዙ ሺህ ሰው ጋ ሊደርስ ይችላል። ኢንስታግራምም እ.ኤ.አ. በ2020 ሪልስ የሚባሉትን አጫጭር ቪዲዮዎች ካመጣ ወዲህ በዚያው መንገድ ሄዷል፤ ለልብስ፣ ለፀጉር፣ ለቤት ዕቃ፣ በጠቅላላው በዓይን ለሚሸጥ ነገር ይመቻል። ፌስቡክ ደግሞ የሰፈርና የሙያ ግሩፖች ስላሉት፣ ማስታወቂያውም ገንዘብ ካላቸው ጎልማሶች ጋ ስለሚደርስ ብዙዎች እንደሚሉት አላረጀም።

ለማቆየት ቴሌግራምና ዋትስአፕ ይሻላሉ። የቴሌግራም ቻናል በራሱ አዲስ ሰው አያመጣልዎትም ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን የለጠፉት ነገር አልጎሪዝም (ለማን ምን እንደሚታይ የሚወስነው የመድረኩ ሥርዓት) ሳይመርጠው ለገቡት ሁሉ በተራው ይደርሳል። ዋትስአፕ ቢዝነስ ደግሞ የዕቃ ካታሎግ፣ አስቀድሞ የተዘጋጀ መልስና ደንበኛን በምልክት መለያ አለው፤ ለአነስተኛ ሥራ ይህ በነፃ የተገኘ የሽያጭ መዝገብ ነው። አገልግሎትዎን የሚሸጡት ለድርጅቶች ከሆነ ከሁሉም በፊት የባለሙያዎችና የድርጅቶች መገናኛ የሆነውን ሊንክድኢንን ይሞክሩ።

በግል አካውንቴ ብሸጥ ምን ችግር አለው?

ለጊዜው ይሠራል፤ ችግሩ ሥራው ሲያድግ ነው የሚመጣው። የፌስቡክ የግል አካውንት ከ5,000 በላይ ጓደኛ አይቀበልም፤ ደንቡም አካውንቱ ሰውን እንጂ ንግድን እንዲወክል አይፈቅድም። ስንት ሰው እንዳየዎት፣ ከየት አካባቢ እንደሆኑና በምን ዕድሜ ክልል እንዳሉ የሚያሳየውን መረጃም በሙሉ አያገኙም።

ዋናው ግን ሌላ ነው። ረዳት ሲቀጥሩ በግል አካውንት የሚሰጡት የይለፍ ቃልዎን ነው፤ ከእሱ ጋር የቤተሰብ ፎቶዎም፣ የግል መልእክትዎም ይሄዳል። በንግድ ገጽ ከሆነ ግን ለረዳቱ መልስ የመስጠት ፈቃድ ብቻ ይሰጡታል፤ ሲለቅ ፈቃዱን ያነሳሉ፣ አለቀ።

ምን ልለጥፍ? ከሳምንት በኋላ ሐሳብ ያልቅብኛል።

ኢንቦክስዎን ከፍተው ሰዎች የጠየቁዎትን ያንብቡ። «ሲታጠብ ይለቃል?»፣ «ስንት ቀን ይፈጃል?»፣ «ለጠባብ ክፍል የሚሆን አለ?» እያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ፖስት ነው። አንድ ሰው ደፍሮ የጠየቀውን ሌሎች ብዙ ሰዎች በልባቸው ይዘው አልፈዋል።

አንድ ሶፋ ሠሪን እንውሰድ። ያለቀውን ሶፋ ከፊት ለፊት ፎቶ አንስቶ «አዲስ ዲዛይን ገብቷል» ብሎ ቢለጥፍ ከሌላው መቶ ሶፋ አይለይም። ሶፋውን ገልብጦ ከሥሩ ያለውን እንጨት፣ እግሩ የተያያዘበትን ቦታ፣ ጨርቁ የተወጠረበትን ጠርዝ እያሳየ፣ ቀጥሎም ስፖንጁን በመዳፉ ጫን አድርጎ ሲለቀው እንዴት እንደሚመለስ ቢቀርጽ ግን ሌላ ነገር ነው። ገዢ ሁልጊዜ ማየት የሚፈልገው ሻጭ የማያሳየውን ጎን ነው። ልብስ ሰፊም ያንኑ ቀሚስ በቀጭንም በወፍራምም ሰው ላይ ያሳይ፤ ጥገና የሚሠራ ሰው የተበላሸው ክፍል ምን እንደሚመስል ያሳይ። ሥራዎን ማሳየት እስካለ ድረስ ሐሳብ አያልቅም።

ቪዲዮ ሲሆን በሎጎ ወይም በረጅም ሰላምታ አይጀምሩ። ተመልካቹ ጣቱን ወደ ላይ ለማንሸራተት ሁለት ሦስት ሰከንድ ይበቃዋል፤ ስለዚህ የሚያስገርመውን ቀድመው ያሳዩና ማብራሪያውን ያስከትሉ። በነገራችን ላይ፣ ሎጎ ያለበት የመልካም ምኞት ፖስተር በየሳምንቱ የሚለጥፉ ገጾች አሉ። ማንንም አይጎዳም፤ ማንንም ግን ገዢ አያደርግም።

በሳምንት ስንት ጊዜ ልለጥፍ?

ለስድስት ወር ሳያቋርጡ የሚችሉትን ያህል። ለአብዛኛው ሰው ይህ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጥሩ ፖስት ነው። በአንድ ቀን አምስት ቪዲዮ ቀርጾ የፌስቡክና የኢንስታግራም ባለቤት የሆነው ሜታ ባዘጋጀው ቢዝነስ ስዊት በሚባል መሣሪያ የሚለጠፍበትን ቀን ወስኖ ማስቀመጥ ከየዕለቱ ጭንቀት ያድናል።

ጥሩ ካሜራ የለኝም። ስልክ ይበቃል?

ይበቃል። ሌንሱን ይጥረጉት፤ ከመስኮት በሚገባ ብርሃን ይቅረጹ፤ ስልኩን አቁመው፣ በ9 በ16 ልክ። ብዙ ሰው ድምፅ አጥፍቶ ስለሚያይ ዋናውን ነገር ስክሪኑ ላይ ይጻፉት፤ ነገር ግን የታችኛውን ጠርዝና የቀኙን ዳር ይተዉ፤ እዚያ የላይክና የኮሜንት ምልክቶች ይሸፍኑታል። ገንዘብ ካለዎት ከካሜራ በፊት ማይክሮፎን ይግዙ።

ዋጋውን ፖስቱ ላይ ልጻፍ ወይስ «ኢንቦክስ» ልበል?

ይጻፉት። በዚህ ላይ ብዙ ክርክር አለ፤ «ተፎካካሪ ያይብኛል» የሚለው ቀዳሚው ነው። ተፎካካሪዎ ዋጋዎን ማወቅ ከፈለገ ደንበኛ መስሎ ይጠይቅዎታል፤ ምናልባትም ጠይቆ ጨርሷል። የሚደበቀው ከገዢው ብቻ ነው። ገዢ ደግሞ ዋጋ ሲያጣ «ውድ ቢሆን ነው» ወይም «ፊት አይቶ ሊነግረኝ ነው» ብሎ ያስባል። ዓይን አፋሩ ጭራሽ አይጠይቅም። የጠየቀውም ቢሆን መልሱ ከአራት ሰዓት በኋላ ከመጣ ፍላጎቱ ቀዝቅዞ፣ ወይም ከሌላ ገዝቶ ይጠብቅዎታል።

ዋጋው እንደ ሥራው የሚለያይ ከሆነ መነሻውን ይጻፉ፤ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ምን እንደሆነም ይናገሩ። «ከዚህ ይጀምራል፤ ጨርቁና ስፋቱ ይለውጡታል፤ የክፍልዎን ልክና አንድ ፎቶ ይላኩልን፣ ዛሬውኑ እንነግርዎታለን» የሚል ጽሑፍ ካለ የሚመጣው መልእክት ራሱ ይለወጣል። «ስንት ነው?» ብሎ የሚጠፋው ይቀንሳል፤ ልኩን ይዞ የሚመጣው ይበዛል።

ለመልእክት ሲመልሱም ያው ነው። «ዋጋው ስንት ነው?» ላለ ሰው «ሰላም፣ እንዴት ኖት? የትኛውን ፈልገው ነው?» ብቻ ብሎ መመለስ እሱን እንደገና ሥራ ማስያዝ ነው። በአንድ መልስ ውስጥ ዋጋውን፣ ምን ምን እንደሚያካትት፣ መቼ እንደሚደርስና አንድ ቀላል ጥያቄ ያስገቡ፦ «ጥቁሩን ነው ወይስ ቡናማውን?» ሰው ለእንዲህ ዓይነት ጥያቄ መልስ መስጠት አይከብደውም። በማኅበራዊ ሚዲያ ሽያጭ የሚሞተውም የሚድነውም እዚህ ነው፤ ፖስቱ ሰውን እስከ በሩ ያደርሳል እንጂ አይሸጥለትም።

ሀሽታግ ይጠቅማል?

ጥቂት፣ ሥራዎን በቀጥታ የሚገልጹ ከሆኑ አይጎዱም። ከሀሽታጉ ይበልጥ ግን የጽሑፉ ቃላት ይጠቅማሉ። ሰዎች ኢንስታግራምና ቲክቶክ ላይ እየጻፉ መፈለግ ለምደዋል፤ ስለዚህ «ምርጥ ጥራት» ከሚል ይልቅ ገዢው ሲፈልግ የሚጽፈውን ቃል፣ ማለትም የዕቃውን ስም፣ አገልግሎቱንና አካባቢውን ያስገቡ።

ብዙ ተከታይ አለኝ፤ ፖስቴን የሚያየው ግን ጥቂት ሰው ነው። ገጼ ታፍኗል ማለት ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ኢንስታግራም በ2016 ፖስቶችን በሰዓት ቅደም ተከተል ማሳየቱን ትቶ ሰውየው ይወደዋል ብሎ በገመተው መደርደር ጀመረ። ፌስቡክ ደግሞ በጥር 2018 ከገጾች ይልቅ ለወዳጅና ለቤተሰብ ፖስት ቅድሚያ እንደሚሰጥ በይፋ ተናግሯል። ከዚያ ወዲህ ተከታይ ማለት ፖስትዎን ሊያይ የሚችል ሰው እንጂ የሚያይ ሰው አይደለም።

ሥርዓቱ የሚያየው ሰው ምን እንዳደረገ ነው፦ ቪዲዮውን እስከ መጨረሻ አይቷል? ለጓደኛው ልኮታል? ሴቭ አድርጎታል? ከላይክ ይልቅ እነዚህ ይመዝናሉ። «ላይክ አድርጉ፣ ሼር አድርጉ፣ ሦስት ጓደኛ ታግ አድርጉ» እያሉ መለመን ደግሞ ተቃራኒውን ያመጣል፤ ፌስቡክ እንዲህ ያሉ ፖስቶችን ወደ ታች መግፋት ከጀመረ ከ2017 መጨረሻ ወዲህ ነው።

ለመነሻ ያህል ተከታይ ብገዛስ?

አይግዙ። የተገዛው አካውንት ፖስትዎን አያይም፣ አይነካም፤ ሥርዓቱ ደግሞ «የራሱ ተከታዮች እንኳ ያልፈለጉት ፖስት» ብሎ ለሌላ ሰው ማሳየቱን ይተወዋል። ቆይተው ማስታወቂያ ሲከፍሉም «ተከታዮቼን የሚመስሉ ሰዎችን ፈልግልኝ» ቢሉት የሚመስሉት ሐሰተኞቹን ነው። በአንዳንድ አገር ጉዳዩ የሕግም ነው፤ የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በጥቅምት 2024 ሥራ ላይ ባዋለው ደንብ ለንግድ ጥቅም እያወቁ ሐሰተኛ ተከታይና ሐሰተኛ የደንበኛ አስተያየት መግዛትን ከልክሏል።

ለማስታወቂያ ልክፈል? ቡስት ማድረግ ይበቃል?

መጀመሪያ ሳይከፍሉ የተወደደ ፖስት ይኑርዎት። ሰው በነፃ ያላየውን ነገር ገንዘብ አያስወድደውም። ሳይከፈልበት በራሱ ብዙ ሰው ጋ የደረሰ ፖስት ሲያገኙ እሱን በገንዘብ ይግፉት።

ፖስቱን በክፍያ ለብዙ ሰው የምታሳየው፣ ቡስት የምትለዋ ቁልፍ ቀላል ናት፤ ብዙ ጊዜ የምታመጣው ግን ላይክ ነው። በማስታወቂያ ማኔጀር ውስጥ ሜታ ከስድስት ዓላማ አንዱን እንዲመርጡ ይጠይቅዎታል፤ መታወቅ፣ ወደ ድረ ገጽ ሰው መላክ፣ ተሳትፎ፣ የፈላጊዎችን አድራሻ መሰብሰብ፣ መተግበሪያ ማስጫን ወይም ሽያጭ። ሥርዓቱ የጠየቁትን ቃል በቃል ነው የሚያመጣው። ላይክ ከጠየቁ ቀኑን ሙሉ ላይክ ሲያደርጉ የሚውሉ፣ ምንም የማይገዙ ሰዎችን ሰብስቦ ያመጣልዎታል። ድረ ገጽ የሌለው ሰው መልእክት የሚያመጣውን ዓይነት ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ሰውየው ማስታወቂያውን ሲነካ በቀጥታ ዋትስአፕዎ ወይም ሜሴንጀርዎ ይከፈታል።

ትንሽ በጀት ያለው ሰው በብዛት የሚሳሳተው ገንዘቡን በመበተን ነው። የሜታ ሥርዓት ማን እንደሚገዛዎት ለመማር በአንድ የማስታወቂያ ስብስብ (በጀታቸውና ተመልካቻቸው አንድ የሆኑ ማስታወቂያዎች) በሳምንት ወደ 50 የሚጠጋ ውጤት፣ ለምሳሌ መልእክት ወይም ግዢ፣ ይፈልጋል። በጀቱን ለአምስት ስብስብ ካካፈሉት አምስቱም ሳይማሩ ገንዘቡ ያልቃል። አንድ ስብስብ፣ በውስጡ ሁለት ወይም ሦስት የተለያዩ ቪዲዮዎች፣ ከዚያ ለሳምንት ያህል እጅ አለማስገባት። በየቀኑ እየገቡ መነካካት ትምህርቱን ከመጀመሪያው ያስጀምረዋል።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች። ከ2024 ወዲህ በአይፎን መተግበሪያ ውስጥ ሆነው ቡስት ሲያደርጉ የአፕል የአገልግሎት ክፍያ ሊጨመርበት ስለሚችል በብሮውዘር ገብተው ይክፈሉ። አፕል በሚያዝያ 2021 መተግበሪያዎች ሰውን ለመከታተል ፈቃድ እንዲጠይቁ ካስገደደ በኋላ ደግሞ የማስታወቂያ ሪፖርት የሁሉንም ገዢ ምንጭ አያሳይም፤ ስለዚህ «ከየት ሰሙን?» ብሎ መጠየቅ ዛሬም አስፈላጊ ነው።

ታዋቂ ሰው ወይም ኢንፍሉዌንሰር ቢያስተዋውቅልኝስ?

ከተከታዩ ብዛት በፊት ተከታዮቹ እነማን እንደሆኑ ይጠይቁ። የዕድሜና የቦታ ዝርዝሩን የሚያሳየውን ገጽ ፎቶ አንስቶ እንዲልክልዎት ቢጠይቁት ነውር አይደለም፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሳይጠየቅም ይልካል። ኮሜንቶቹንም ያንብቡ። «ዋው» እና የእሳት ምልክት ብቻ ከሆነ ይጠርጥሩ፤ ሰዎች የሚጠያየቁበት ከሆነ ጥሩ ነው። እርስዎ ባሉበት አካባቢ 8,000 ተከታይ ያለው ሰው በየአገሩ የተበተነ ግማሽ ሚሊዮን ካለው ሊበልጥ ይችላል።

ስምምነቱን በጽሑፍ ያድርጉት፦ ስንት ቪዲዮ፣ መቼ ይለጠፋል፣ ለምን ያህል ጊዜ ይቆያል፣ እርስዎስ ቪዲዮውን በራስዎ ማስታወቂያ መጠቀም ይችላሉ? ይህች የመጨረሻዋ ብዙ ጊዜ ትረሳለች። የተከፈለበት መሆኑም ፖስቱ ላይ ይገለጽ፤ መድረኮቹ ራሳቸው ይጠይቃሉ።

ክፉ ኮሜንት ቢጻፍብኝ ላጥፋው?

ስድብ ወይም ማጭበርበሪያ ከሆነ ያጥፉት። ቅሬታ ከሆነ ግን ይተዉትና በአደባባይ አንድ ጊዜ፣ ባጭሩ ይመልሱ፦ «ይቅርታ፣ የትዕዛዝዎን ቀን በኢንቦክስ ይላኩልን፤ ዛሬ እናየዋለን።» ሲፈታ ተመልሰው እዚያው ሥር «ተስተካክሏል» ብለው ይጻፉ። መልስዎን የሚያነበው ቅሬታ አቅራቢው ብቻ አይደለም፤ ሊገዛ አስቦ ኮሜንት የሚያገላብጠው ሰውም ነው። እሱ የሚፈልገው ችግር የማያውቀው ሻጭ አይደለም፤ ችግር ሲመጣ ስልክ የማይዘጋ ሻጭ ነው።

መጠቀሜን በምን አውቃለሁ?

በደብተር። በየሳምንቱ አራት ቁጥር ይጻፉ፦ ስንት ሰው መልእክት ላከ፣ ስንቱ ገዛ፣ ለማስታወቂያ ስንት ወጣ፣ ከሽያጩ ምን ያህል ትርፍ ተገኘ። ለምሳሌ 60 ሰው ጽፎ 12 ቢገዛ፣ የማስታወቂያውን ወጪ የሚያካፍሉት ለ12 ነው እንጂ ለ60 አይደለም። ለአንድ ገዢ የደረሰውን ወጪ ከዕቃው ዋጋ ጋር ሳይሆን ከዕቃው ትርፍ ጋር ያነጻጽሩት። ብዙ ሰው ከዋጋው ጋር እያነጻጸረ «አዋጣኝ» ይላል፤ ወሩ ሲዘጋ ገንዘቡ የት እንደገባ ይጠፋዋል። ተመልሶ የሚገዛ ደንበኛ ካለዎት ግን በመጀመሪያው ሽያጭ ብቻ አይፍረዱ።

መልእክት ይጎርፋል፣ ሽያጭ ግን የለም። የት ተሳሳትኩ?

ይህኛው ጥያቄ ከባድ ነው፤ መልሱ ያለው ከሦስት ቦታ በአንዱ ነውና። አንደኛ፣ የተሰበሰበው ሰው ገዢ ላይሆን ይችላል። በቀልድ ቪዲዮ ወይም በሽልማት ዕጣ የመጣ ሰው የመጣው ለቀልዱና ለዕጣው ነው። ሁለተኛ፣ መንገዱ ረጅም ሊሆን ይችላል። ገጽዎን የማያውቅ ወዳጅዎን ስልኩን አውጥቶ አንድ ነገር እንዲያዝዝ ይጠይቁትና ዝም ብለው ይመልከቱት። አድራሻው ሲጠፋው፣ ሊንኩ አልከፍት ሲለው፣ አከፋፈሉ ግራ ሲያጋባው በዓይንዎ ያዩታል። ሦስተኛ፣ መልሱ ሊዘገይ ይችላል። በሥራ ሰዓት በደቂቃዎች ውስጥ መመለስ ካልቻሉ ማስታወቂያውን ቀንሰው መላሽ ሰው ያዘጋጁ።

ሌላም አለ፦ ዋጋውን ሰምቶ ዝም ያለውን ሰው ብዙ ሻጭ ይተወዋል። ከሁለት ቀን በኋላ አንድ ጊዜ፣ «ያዩት ዕቃ አሁንም አለ፤ ላስቀምጥልዎት?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። ሦስት ጊዜ ከሆነ ግን ያስከፋል።

ታዋቂ ዘፈን ከቪዲዮዬ ጋር መጠቀም እችላለሁ?

የግል አካውንት ላይ የሚያገኙት ዘፈን ሁሉ ለንግድ አካውንት አልተፈቀደም። ቲክቶክም ሜታም ለንግድ የተፈቀዱ ሙዚቃዎችን ለይተው አስቀምጠዋል፤ ከዚያ ይምረጡ። አለበለዚያ የቪዲዮው ድምፅ ሊጠፋ ወይም ቪዲዮው ራሱ ሊወርድ ይችላል፤ ያ ደግሞ የሚደርሰው በደንብ መታየት በጀመረ ዕለት ነው።

ገጼ ቢጠለፍ ወይም መድረኩ ቢዘጋ ደንበኞቼን አጣለሁ?

ሌላ ቦታ ካልመዘገቧቸው፣ አዎ። በጥቅምት 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ በአንድ ላይ ለስድስት ሰዓት ያህል ጠፍተው ነበር። በሰኔ 2020 ደግሞ ህንድ ቲክቶክን ስትዘጋ እዚያ ብቻ ገበያቸውን የገነቡ ሰዎች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ስለዚህ የገዛዎትን ሰው ስም፣ ስልክና የገዛውን ዕቃ በፈቃዱ ይመዝግቡ፤ ዝርዝሩ ከመድረኮቹ ውጭ፣ በራስዎ እጅ ይሁን።

ጠለፋ በብዛት የሚመጣው በመልእክት ነው፦ «ገጽዎ የቅጂ መብት ጥሷል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ይህን ሊንክ ተጭነው ካላረጋገጡ ይዘጋል።» ላኪው ስሙን ከሜታ ጋር የሚመሳሰል አድርጎ፣ አርማውንም ለጥፎ ይመጣል። እውነተኛ ማስጠንቀቂያ ከሆነ በራስዎ ገጽ የድጋፍ ክፍል ውስጥ ያገኙታል፤ በኢንቦክስ የመጣ ሊንክ አይንኩ። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከይለፍ ቃሉ ሌላ ተጨማሪ ኮድ የሚጠይቅ) ዛሬውኑ ያብሩ፤ የሚሰጥዎትን የመጠባበቂያ ኮድ ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ የሚያምኑትን ሁለተኛ ሰውም የገጹ አስተዳዳሪ ያድርጉ፤ የእርስዎ አካውንት ቢቆለፍ ገጹን ከፍቶ የሚያስገባዎት እሱ ነው።